ፓምፑ ጠፍቶ የሚተነፍሰው ጌጅ

ይሄን ስጽፍላችሁ አልምልም፣ አልገዘትም። ሆኗል። በራሴ ላይ ነው የሆነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

አስፈሪ ታሪክ ሲባል ሌሊት፣ ዝናብና መብራት የጠፋበት ቤት ትጠብቃላችሁ አይደል? የኔው በጠራራ ፀሐይ ነው። ነሐሴ፣ እዚህ ሐሩሩ የሚበረታበት ወር፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ኦሃዮ ውስጥ፣ ከቤቴ ጓሮ ባለው ጋራዤ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ የጎረቤቴ በቆሎ ከማዶ እየታየኝ።

ማርቫ ቲግ እባላለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ባለ ኢንጀክተር ሞተር ስፈታና ስገጥም ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እዚህ አካባቢ መኪና የሚያሽቀዳድሙ ወንዶች መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። አሁን ሞተራቸው ሲያስል ኮፈናቸውን ከፍተው የሚመጡት ወደኔ ነው። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም... እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው። ዋናው ግን የግፊት መለኪያ ጌጅ ማንበብ የማታውቅ ሴት እንዳልመስላችሁ ነው።

መኪናዋን የገዛኋት ለልጄ ለካሲዲ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እሁድ በሩብ ማይሉ ውድድር ልትነዳት ነበር፤ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ። ቀይ፣ አሮጌ፣ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር።

የሸጡልን ሚስስ ኦፓል የሚባሉ ሰማንያን ያለፉ ባልቴት ናቸው። ባላቸው ሀርላን ካረፉ በኋላ መኪናዋ ጎተራቸው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። ቁልፉን ሲሰጡኝ፣ ልጄ እሁድ ልትወዳደርባት እንደሆነ ብነግራቸው፣ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ የፈለግሽውን ሁሉ ቀይሪላት። የነዳጅ ግፊቷን ግን አትንኪ።»

«ለምን?»

«ሠላሳ አንድ ላይ ናት። እዚያው ተያት።»

በሆዴ ሳቅሁ። ባልቴት ናቸው፣ ከባላቸው የሰሙትን ነው የሚያወሩት አልኩ።

ሥራውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ቤንዚኑ ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው በግፊት ነው። የዚህች ሞተር ልክ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ግፊቱ ካነሰ፣ መኪናዋ በሙሉ ጉልበቷ ስትበር ነዳጅ ያጥራታል። ያኔ ፒስተኑ ይቀልጣል፣ ሞተሩ ይበተናል፣ ዘይቱ ደግሞ የገዛ ጎማዋ ሥር ይፈስሳል። በዚያ ፍጥነት ጎማው ሥር ዘይት ያገኘውን ሹፌር ሰዎች እንዴት እንደሚያወጡት አይቻለሁ። የዚህችኛዋ ሹፌር ደግሞ ልጄ ናት። ስለዚህ ሠላሳ አንድ የሚባል ነገር የለም።

የግፊት ጌጁን ገጥሜ ሞተሩን አስነሳሁና ነዳጅ ሳልረግጥ ሚኒሞ ላይ፣ በቀስታ እንዲዞር ተውኩት። ግፊቱን ከሚመጥነው ሬጉሌተር ላይ ቀጭኗን የአየር ቱቦ ነቀልኩ፣ አፏን በትንሽ ብሎን ወተፍኩ። የሬጉሌተሩን ዳዶ ላላ አድርጌ መሃሉ ያለችውን ማስተካከያ በዝግታ ወደ ቀኝ አዞርኩ።

ሠላሳ ሦስት... ሠላሳ ስድስት... ሠላሳ ዘጠኝ።

ዳዶውን አጠበቅሁ። ከማስተካከያዋ እስከ ዳዶው በቢጫ ቀለም አንድ መስመር አሰመርኩ። የኛ ልማድ ነው። የሆነ ሰው ከነካው መስመሩ ይሰበራል፣ ያኔ ይታወቅበታል።

እጄን ታጥቤ፣ ቀዝቃዛ ሻዬን ይዤ ተመለስኩ። ሁለት ደቂቃ ቢሆነኝ ነው።

ጌጁ ሠላሳ አንድ ይላል።

ሳቄ መጣ። ቱቦዋ ተሰክታ ከሆነ ሞተሩ በሷ አየር ስለሚስብ ሠላሳ ዘጠኙ ሚኒሞ ላይ ሠላሳ አንድ ሆኖ ነው የሚታየው። ቱቦዋን መንቀል ረስቶ ግፊት መለካት የጀማሪ ስህተት ነው፤ ግን ሁላችንም አንድ ቀን ሠርተነዋል። አረጀሽ ማርቫ አልኩና ቱቦዋን ልነቅል እጄን ሰደድኩ።

ቱቦዋ ተነቅላ ተንጠልጥላለች። ብሎኗ አፏ ላይ እንደተወተፈች ናት።

ቢጫው መስመር አልተሰበረም።

እንደገና ሠላሳ ዘጠኝ ላይ አደረግሁት። አዲስ መስመር አሰመርኩ። ይሄኔ የትም አልሄድኩም፣ ዓይኔን ተክዬ ቆምኩ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ጨፈን አድርጌ ገለጥኩ...

ሠላሳ አንድ።

ጌጁ ነው አልኩ። ፈሳሽ ያለበት ጌጅ ሲሞቅ ይዋሻል፣ ይሄን ማንም ሜካኒክ ያውቃል። ፈታሁት፣ ሌላ ገጠምኩ። ሠላሳ አንድ። ከካርቶኑ ያልወጣ አዲስ ነበረኝ፣ እሱን ገጠምኩ።

ሠላሳ አንድ።

ደሜ ፈላ። በገዛ ጋራዤ፣ በገዛ ሥራዬ አንድ ቁራጭ ብረት ሊቀልድብኝ?

«እማ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?»

ካሲዲ ናት። የተነከሰ ሳንድዊች ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ከጌጅ ጋር።»

«እና ማን እያሸነፈ ነው?»

«ዝም ብለሽ ሞተሩን አጥፊልኝ።»

አጠፋች። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ነቀልኩ። ባትሪውንም ፈታሁት። አሁን መኪናዋ ተራ ብረት ናት። ነዳጅ የሚገፋ ምንም ነገር የለም።

የጌጁ ቀስት ቀስ እያለ ወረደ። ሃያ ስምንት... ቆመ።

ከዚያ መውጣት ጀመረ።

በነሐሴ ሙቀት ቱቦ ውስጥ የተዘጋ ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ይሄ አይገርመኝም። ሠላሳ አንድ ደረሰ። ከዚያ ግን ወረደ። ሃያ ስምንት። ደግሞ ወጣ። ሠላሳ አንድ። ወረደ...

ሙቀት ይጨምራል እንጂ እንዲህ አያመላልስም።

«እማ...» አለች ካሲዲ። ድምጿ ዝቅ ብሏል። «እየተነፈሰ ነው።»

«ጌጅ አይተነፍስም።»

«እዪው እስቲ።»

አየሁት። ወጣ... ወረደ... ወጣ... ወረደ... የተኛ ሰው ደረት ይመስላል።

«እማ።»

«ምን?»

«ከኔ ጋር ነው።»

«ምኑ?»

«ትንፋሹ። እኔ አየር ስስብ ነው የሚወጣው።»

«ሞኝ አትሁኚ።»

ካሲዲ ወደ ጌጁ ጠጋ አለች። አየር ሳበችና ትንፋሿን ያዘች። ጉንጯ ተነፋ።

ቀስቱ ሠላሳ አንድ ላይ ቆመ።

አስር ቆጠርኩ። ሃያ። የልጄ ፊት ቀላ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቀስቱ ንቅንቅ አላለም... ይጠብቃታል። እፎይ ብላ ስትለቀው አብሯት ወረደ።

ክው አልኩ። 

«ወደ ቤት ግቢ» አልኳት።

«አልገባም።»

«ካሲዲ።»

«አልገባም አልኩሽ እኮ። መኪናዬ ናት።»

የማን ልጅ መሰለቻችሁ?

ከጋራዡ ወጥቼ፣ በቆሎው ጥግ ቆሜ ሚስስ ኦፓል ጋ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሱት።

«ሚስስ ኦፓል፣ ማርቫ ነኝ።»

«ነካሻት» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

«ሚስስ ኦፓል፣ ባለቤትዎ እዚች መኪና ላይ ምን ነበር የሚሠሩት?»

«ከማን ጋር ነው የምትተነፍሰው?»

ስለ ትንፋሽ ገና አንድ ቃል አልተናገርኩም ነበር።

«ከልጄ ጋር» አልኩ።

  ድምፃቸው ቀስ ብሎ መጣ፣ እንደደከመው ሰው።

«ከዌንደልም ጋር እንዲህ ነው የጀመራት። ልጄ ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሲወዳደርባት የመጨረሻውን መስመር አልፎ ቀስ ብሎ ሳሩ ላይ አቆማት። መኪናዋ ጭረት እንኳ የላትም። ሞተሯ ይሠራል። ልጄ ግን ትንፋሽ የለውም። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉን።»

«ሀርላንስ?»

«ሀርላን ዘጠኝ ዓመት ታገላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሠላሳ ዘጠኝ ያደርጋታል፣ ትወርድበታለች። በመጨረሻ እጁን ሰጠ። ሠላሳ አንድ ላይ ስትተያት ትተኛለች።» ከዚያ ሹክ አሉ። «ልጅሽ ነገ እንዳትነዳት፣ ልጄ።»

አሁን ብልህ ሰው ቢሆን መኪናዋን በዚያው ሰዓት ጎትቶ ይመልስላቸው ነበር። እኔ ግን እልኽ ያዘኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ እልኽ ልጄን ሊያስበላኝ ነበር። እስከዛሬ እሱን ሳስብ ራሴን መምታት ያምረኛል።

ስመለስ ካሲዲ እጇን አጣምራ ኮፈኑ ሥር ቆማለች።

«ምን አሉሽ?»

ሁሉንም ነገርኳት። አልደበቅሁም።

«እና ልትተዪው ነው?»

«ማን? እኔ?»

«እኔም አልተውም» አለች። «የሞተ ሰው የመወዳደሪያ ትራኩን አይከለክለኝም።»

ሬጉሌተሩን አውጥቼ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። አዲስ ገጠምኩ። ቱቦዎቹን ሁሉ በአዲስ ቀየርኩ። ባትሪውንና ፊውዙን መልሼ ሞተሩን አስነሳሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ላይ አደረግሁት። ወንበር አምጥተን እናትና ልጅ ፊት ለፊቱ ተቀመጥን፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ አፈጠጥንበት።

ፍንክች አላለም። ጠዋትም ሳስነሳው ሠላሳ ዘጠኝ።

አሸነፍኩት አልኩ።

እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ትራኩ በሰው ተሞልቷል። ወንድሜ ዴልበርት የራሱን መኪና በተጎታች ይዞ መጥቶ አጠገባችን ቆሟል። ሥራው እኔን መተንኮስ ነው።

«ሴቶቹ በስንት ሰዓት ነው የምትሸነፉት? ምሳዬን ልብላ ወይስ ልጠብቃችሁ?»

«ብላ ዴል። ሆድህ ሞልቶ ብታለቅስ ይሻላል።»

ካሲዲ ሄልሜቷን አጠለቀች። ሄልሜቷ ውስጥ ሬዲዮ አለ፣ ሌላኛው በኔ እጅ ነው። ቀጭኗን የአየር ቱቦ እንደተነቀለች ትቼ፣ ጌጁን ከፊት መስታወቱ ውጭ፣ ኮፈኑ ጫፍ ላይ አስሬላታለሁ፤ እየነዳች እንድታየው።

«ስንት ይላል?» አልኳት በሬዲዮ።

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

«ከወረደ እግርሽን አንሺ። አንዲት ቁጥር ብትወርድ እንኳ።»

«እሺ እማ።»

የመነሻው አረንጓዴ መብራት በራ።

እንዴት እንደሄደች ልነግራችሁ አልችልም። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ። ሬዲዮው ውስጥ ትስቃለች፣ ልጄ ትስቃለች። «ሠላሳ ዘጠኝ» ትለኛለች፣ «ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ዘጠኝ...» የመጨረሻውን መስመር አለፈች። ዴልበርት ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ።

ከዚያ ሳቋ ቆመ። በሬዲዮው የምሰማው ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ጆሮዬ ላይ አስጠጋሁት። ሁለት ትንፋሽ ነበር። አንዱ ሌላኛውን እግር በእግር ይከተለዋል።

«ካሲዲ?»



«መጣች ጀግናዋ» አለ ዴልበርት። እውነቱን ነው፣ ቀይዋ መኪና በመመለሻው መንገድ ቀስ ብላ ወደኛ ትመጣለች። ፀሐዩ መስታወቷ ላይ ያንጸባርቃል። እፎይ አልኩ።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«እማ... ሞተሩ ጠፋብኝ። ወርጃለሁ። ሳሩ ላይ ተቀምጫለሁ።»



«ማን ነው የሚነዳው?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«መኪናዋን። እዚህ... ወደኔ እየመጣች ነው።»

«እማ... ትንፋሽ አጠረኝ።»

መኪናዋ አንድ እርምጃ ሲቀራት አጠገቤ ቆመች። በጎን መስኮት አየሁ። ጋቢናው ባዶ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይንዶቀዶቃል። ጌጁ ሃያ አምስት ላይ ነው።

«ማርቫ፣ ማን ነው...» አለ ዴልበርት።

«አምቡላንሱን ወደ ካሲዲ ላከው። ሩጥ።»

ወንድሜ ወፍራም ነው፣ ግን ሮጠ።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ሃያ። በሬዲዮው ልጄ ታጣጥራለች። አሥራ አምስት። ዳዶውን ፈታሁ፣ ማስተካከያዋን ወደ ቀኝ አዞርኩ፣ አሁንም አዞርኩ፣ መጨረሻዋ ደርሳ እስክትነክስ አዞርኩ። በዚያ ልክ ጌጁ ሰማንያ ማለት ነበረበት።

አሥራ ሁለት። ዘጠኝ።

በዚህ ግፊት ሞተር አይሠራም። ይሠራ ነበር።

ፈራሁ፣ እሱን አልዋሽም። ግን ከፍርሃቱ ንዴቱ ባሰ። የዳዶ መፍቻውን መሬት ላይ ወረወርኩት። በሁለት እጄ የመኪናዋን አፍ ያዝኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሰው ለሰው እንደሚያወራ አወራሁት።

«ስማ ዌንደል፣ ወይም ማንም ሁን። ከልጄ ላይ ውረድ።»

ሰባት።

«እናትህ እስካሁን ስልክ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። እኔን እንደሳቸው አታደርገኝም። አልፈቅድልህም።»

አምስት። ከሬዲዮው የሚመጣው ድምፅ ትንፋሽ አይባልም፣ ሲር የምትል ነገር ናት።

«መሄድ ከሆነ የፈለግኸው እኔ እወስድሃለሁ። ትንፋሽም ከሆነ እኔ አለሁ። እሷን ግን ልቀቅ። አሁን። ውረድ ብዬሃለሁ።»

ሦስት...

የሹፌሩ በር ተከፈተ። ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው። የመኪናዋ ጎን ትንሽ ከፍ አለ፣ ሰው ሲወርድላት ከፍ እንደምትለው።

ማንም አልወረደም።

ቀስቱ ዘልሎ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ቆመ። በሬዲዮው ልጄ ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየር ስትስብ ሰማሁ። አንዴ። ሁለቴ።

«እማ? እማ፣ ደህና ነኝ። ምን ነበር?»

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው እያየኝ።

የአምቡላንሱ ሰዎች መረመሯት፣ ምንም የላትም አሉ። ሙቀቱ ይሆናል አሉ። ዴልበርት የራሱን መኪና ለጊዜው እዚያው ትቶ ቀይዋን ተጎታቹ ላይ ጫናት። ካሲዲ የጎታቹ መኪና ጋቢና ውስጥ ገብታ በመስኮቱ አየችኝ።

«አብረሽን አትሄጂም?»

«ፒክአፔን ማን ይነዳልኛል? ሂዱ፣ እከተላችኋለሁ።»

«እማ፣ ምን ብለሽው ነው የለቀቀኝ?»

«ሰደብኩት» አልኳት።

ሄዱ። አቧራቸው እስኪበርድ ቆሜ ጠበቅሁ። ለልጄ ከዋሸሁ ብዙ ዘመኔ ነበር።

ከዚያ ፒክአፔ ውስጥ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ የራሴን ቀበቶ አሰርኩና ሞተሩን አስነሳሁ።

ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ...

ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ሳያስር ሲቀር የሚበራው ነው። ወንበሩ ባዶ ከሆነ አይበራም።

ዞሬ አየሁ። ባዶ ነው። የወንበሩ ቆዳ ግን መሃሉ ላይ ጎድጉዷል።

ጢጥ... ጢጥ...

 ፈርቻለሁ፣ ምን ያስዋሸኛል። ግን እወስድሃለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። መኪናው ደግሞ የኔ ነው።

«በኔ መኪና ያለ ቀበቶ አይኬድም» አልኩት፣ ፊት ለፊት እያየሁ።



ከጎኔ ቀበቶው ሲሳብ ሰማሁ... ከዚያ ጠቅ አለ፣ ጩኸቱም ቆመ።